የማርሻል አርት ስልቶች ለራስ መከላከል፤ የእውነተኛነታቸውና የአደገኛነታቸው ዳሰሳ

ማርሻል አርት በሚል የወል ስም የሚጠሩት የፍልሚያ ጥበቦች፣ ከጃፓን ጁዶና ካራቴ እስከ ኮሪያ ቴኳንዶ፣ ከቻይና ኩንግ ፉ እስከ ብራዚል ጂዩጂትሱ፣ ተማሪን የሚጋብዙት ሁለት ተስፋ ሰጥተው ነው። አንደኛው ተማሪው የሚለማመዳቸው ስልቶች ጥቃት በደረሰበት ዕለት እንደሚሠሩለት፣ ሁለተኛው ደግሞ እነዚሁ ስልቶች አጥቂን ክፉኛ የመጉዳት ኃይል እንዳላቸው ነው። የመጀመሪያው የእውነተኛነት፣ ሁለተኛው የአደገኛነት ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ በማስታወቂያም ሆነ በማሠልጠኛ አዳራሽ ውስጥ ሁለቱ እንደ አንድ እየተቆጠሩ አደገኛ የተባለ ስልት ሁሉ የሚሠራ መስሎ ይታያል። ይህ ዳሰሳ ሁለቱን ለያይቶ ይመረምራል፤ ከታሪክ፣ ከግጥሚያ መድረክ፣ ከሕክምናና ከሕግ የተገኘው ማስረጃ ተደምሮ ወደ አንድ መደምደሚያ እንደሚያመራም ያሳያል።

በዚህ ጽሑፍ እውነተኛነት ማለት አንድ ስልት ተጠቂው ባልጠበቀው ጊዜና ቦታ፣ ለመተባበር በማይፈልግና ምናልባትም በጉልበት በሚበልጠው ሰው ላይ የመሥራት ዕድሉ ነው። አደገኛነት ግን ሦስት ገጽ አለው፦ ስልቱ በአጥቂው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፣ ስልቱ ሳይሳካ ሲቀር ወይም ከመጠን ሲያልፍ በተከላካዩ ላይ የሚያመጣው የአካልና የሕግ መዘዝ፣ እንዲሁም ገና በልምምድ ላይ ሳለ በባልደረባ ላይ የሚደርሰው ጉዳት። ስለ ማርሻል አርት የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን የዚያኑ ያህል ሰው ሲጎዱ ኖረዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በስተቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

የካኖ ምርጫ

የዚህ ጥያቄ መሠረት የተጣለው በጃፓናዊው መምህር በጂጎሮ ካኖ ሥራ ነው። በ1860 የተወለደው ካኖ በወጣትነቱ ቴንጂን ሺንዮ ሪዩና ኪቶ ሪዩ በተባሉ ሁለት የጁጁትሱ፣ ማለትም ከሳሙራይ ዘመን በወረደው የባዶ እጅ ፍልሚያ፣ ትምህርት ቤቶች ከተማረ በኋላ፣ በ1882 ቶኪዮ በሚገኘው የኤይሾጂ ቤተ መቅደስ ውስጥ ኮዶካን የተባለውን የራሱን ትምህርት ቤት ከፍቶ ጥበቡን ጁዶ ብሎ ሰየመው። ከቀደሙት መምህራን የወረሳቸው ስልቶች ዓይን መውጋትን፣ ስስ ብልት መምታትን፣ የጣትና የእጅ አንጓ መጋጠሚያን መጠምዘዝን የሚጨምሩ በመሆናቸው፣ በልምምድ ጊዜ በሙሉ ኃይል ቢሠሩ ባልደረባን አካለ ጎደሎ ያደርጉ ነበር። ካኖ ስልቶቹን በሁለት ረድፍ መደባቸው፤ ጉዳት የሚያበዙትን ካታ በሚባለው፣ እንቅስቃሴው ሁሉ አስቀድሞ በተወሰነበት የልምምድ ዓይነት ውስጥ አስቀመጣቸው፤ መጣልን፣ መያዝን፣ ማነቅንና የክርን መጋጠሚያን መቆለፍን ግን ራንዶሪ ለሚባለው ነፃ ልምምድ አዋላቸው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው። በካታ ልምምድ አጥቂው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው እጁ እንደሚመጣ፣ መቼና ወዴት እንደሚወድቅ የታወቀ ሲሆን፣ በራንዶሪ ግን ሁለቱ ተለማማጆች አንዱ ሌላውን ለመጣል በሙሉ ጉልበታቸው ስለሚታገሉ፣ ማንም የፈለገው ስልት በፈለገው ጊዜ አይሳካለትም። ራንዶሪ የሚሠራ ተማሪ አንድን መጣያ በዓመት ውስጥ በሺህ ጊዜ ሞክሮ፣ አብዛኛው ከሽፎበት፣ የቀረው ሲሳካለት፣ ስልቱ የሚሠራበትን ቅጽበት በአካሉ ያውቀዋል። በብዙ የጁዶ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተረከውም፣ በ1880ዎቹ ከነባር የጁጁትሱ ትምህርት ቤቶች ጋር በተደረጉ ግጥሚያዎች የኮዶካን ተማሪዎች ስም ያወጡት በዚህ የልምምድ ብልጫ ነው። እነዚያ ትምህርት ቤቶች በስልት ክምችታቸው የበለጠ አስፈሪ ነበሩ፤ ያስፈሩ የነበሩትን ስልቶች ግን በሚታገላቸው ሰው ላይ ሞክረው አያውቁም።

ከዚህ የሚወጣው ሐሳብ ተቃርኖ ያለበት ይመስላል፤ አንድ ስልት ለልምምድ የማይመች እስኪሆን ድረስ አደገኛ ከሆነ፣ በዚያው መጠን ባለቤቱ ሊተማመንበት የማይችል ይሆናል። ቀጥሎ የሚቀርበው ማስረጃ ይህን ሐሳብ የሚፈትን ነው።

ገዳይ የተባሉ ስልቶች

በፊልምና በቪዲዮ ከተስፋፉት እምነቶች አንዱ፣ በመዳፍ ተረከዝ ከታች ወደ ላይ የተመታ አፍንጫ አጥንቱ ወደ አንጎል ገብቶ ሰውን ይገድላል የሚለው ነው። የሰው አፍንጫ የታችኛው ክፍል ለስላሳ ልም አጥንት፣ የላይኞቹም አጥንቶች ትንንሾችና ተሰባሪዎች ስለሆኑ፣ የራስ ቅልን ወለል ሰብሮ የሚያልፍ አካል ከዚያ አይገኝም፤ ምቱ አፍንጫ ይሰብራል፣ ያደማል፣ ዓይንን በእንባ ይሞላል፣ ከዚያ ያለፈው ተረት ነው። በቻይና ዲም ማክ በመባል የሚታወቀው፣ የተወሰነ የአካል ነጥብን በመንካት ሰውን ወዲያው ወይም ከቀናት በኋላ መግደል ይቻላል የሚለው እምነትም ማረጋገጫ አልተገኘለትም። ይህን እምነት ለመደገፍ አንዳንዴ የሚጠቀሰው ኮሞሺዮ ኮርዲስ የተባለው የሕክምና ክስተት በእርግጥ አለ፤ ደረት ላይ በልብ አቅጣጫ ያረፈ ምት፣ ልብ ለሚቀጥለው ትርታ ራሷን በምታዘጋጅበት ከ10 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ብቻ በሚቆይ ክፍተት ውስጥ ከወደቀ፣ የልብን ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል። ሆኖም ይህን ክፍተት አይቶ ሊመታ የሚችል ሰው የለም፤ ክስተቱ በብዛት የተመዘገበውም ቤዝቦል ኳስ በስህተት ደረታቸውን በመታቸው ወጣቶች ላይ ነው። ሞቱ እውነት ቢሆንም በችሎታ የሚመጣ አይደለም።

ሳይነኩ በመንፈስ ኃይል መጣል ይቻላል የሚለው እምነት ደግሞ በአደባባይ ተፈትኗል። በጃፓን ተማሪዎቹን ከርቀት በእጅ ምልክት ይጥል የነበረው ያናጊ ሪዩከን በ2006 ከአንድ የቅይጥ ማርሻል አርት ተፋላሚ ጋር ለመግጠም ተስማምቶ፣ ኃይሉ ሳይሠራለት በተራ ቡጢና እርግጫ ተሸነፈ። በቻይናም በ2017 ሹ ሺያዎዶንግ የተባለው የቅይጥ ፍልሚያ አሠልጣኝ ዌይ ሌይ የተባለውን የታይ ቺ መምህር በቼንግዱ ከተማ ገጥሞ ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አሸንፎታል። የእነዚህ ግጥሚያዎች ትምህርት አንዱ ባህል ከሌላው ይበልጣል የሚል አይደለም፤ የሚተባበሩ ተማሪዎች መምህራቸውን ለዓመታት ሊያታልሉትና እሱም ራሱን ሊያታልል እንደሚችል ነው።

ከነዚህ የተለየው የዓይን ጉዳይ ነው፤ ዓይን መውጋት በእርግጥ ያሳውራልና። ግን ጥቃትን ያስቆማል ወይ ለሚለው ጥያቄ በ1995 ቶኪዮ ውስጥ በኒፖን ቡዶካን አዳራሽ የተካሄደው የቫሌ ቱዶ ውድድር፣ ማለትም ጥቂት ክልከላ ብቻ የነበረበት የባዶ እጅ ፍልሚያ፣ በቅርበት ሊታይ የሚገባ መልስ ሰጥቷል። በመጀመሪያው ግጥሚያ ሆላንዳዊው ጄራርድ ጎርዶ፣ በቁመትም በክብደትም እጅግ ያንሰው የነበረውን ጃፓናዊ ዩኪ ናካይን፣ ክልከላውን ጥሶ ቀኝ ዓይኑን በጣቱ ወጋው። ናካይ ዓይኑ አብጦና ደም ሞልቶት ከ20 ደቂቃ በላይ ታግሎ፣ ጎርዶን መሬት ላይ አውርዶ በተረከዝ ጥምዘዛ አሸነፈው፤ በዚያው ምሽት ሌላ ተጋጣሚ አሸንፎ ለፍጻሜ ከደረሰ በኋላ በብራዚላዊው ሪክሰን ግሬሲ ተረታ። የቀኝ ዓይኑ ብርሃን ግን ዳግም አልተመለሰም። ይህ አንድ ሁኔታ ሁለቱንም ጥያቄ በአንድ ላይ ይመልሳል፤ ስልቱ ከማናቸውም በላይ አደገኛ ነበር፣ ምክንያቱም አንድን ሰው ለዕድሜ ልኩ አጉድሏል፤ በእውነተኛነት በኩል ግን የታቀደለትን ሥራ አልሠራም፣ ምክንያቱም የተወጋው ሰው አልቆመም። ቆርጦ የመጣ ሰው ሕመምን ችሎ እንደሚቀጥል ማወቅ፣ በሕመም ላይ ብቻ የተመሠረቱ ስልቶችን ሁሉ ዋጋ ይቀንሳል።

የመድረክ ማስረጃና ገደቡ

የተለያዩ ጥበቦችን እርስ በርስ ለማነጻጸር ዓለም በስፋት ያየው ሙከራ በኅዳር ወር 1993 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ የተካሄደው ዩ.ኤፍ.ሲ. የተባለው የፍልሚያ ውድድር የመጀመሪያ ዙር ነው። በዚያ ውድድር መንከስና ዓይን መውጋት ብቻ ሲከለከሉ፣ የክብደት ምድብም አልነበረም፤ ከተወዳዳሪዎቹ ቀለል ከሚሉት አንዱ የነበረው ብራዚላዊው ሮይስ ግሬሲ፣ ቦክሰኛን ጨምሮ ሦስት ተጋጣሚዎችን በመያዝና በማነቅ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። የብራዚል ጂዩጂትሱ ከካኖ ተማሪዎች አንዱ በነበረው በሚትሱዮ ማኤዳ በኩል ወደ ብራዚል የተሻገረ ጁዶ ቅርንጫፍ በመሆኑ፣ የዴንቨሩ ውጤት የራንዶሪ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በኋላ ያገኘው ድል ተብሎ ሊታይ ይችላል። ከዚያ ወዲህ በመድረክ ጸንተው የቆዩት ቦክስ፣ የታይላንድ ቦክስ፣ ነፃ ትግል፣ ጁዶና ጂዩጂትሱ ሲሆኑ፣ ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ተማሪው ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ ከሚታገለው ሰው ጋር መለማመዱ ነው።

መድረክ ግን ጎዳና አይደለም። በመድረክ ላይ አንድ ተጋጣሚ ብቻ አለ፤ መሣሪያ የለም፤ ወለሉ ለስላሳ ነው፤ ሰዓቱ ይታወቃል፤ ዳኛም አለ። በአዲስ አበባ ማጅራት መቺ የሚባለው ዘራፊ ግን ከኋላ፣ በጨለማ፣ ሁለትና ሦስት ሆኖ ስለሚመጣ፣ ተጠቂው እጁን ለመከላከል ከማንሣቱ በፊት አንገቱ ተይዟል። በዚህ ሁኔታ አንዱን አጥቂ ይዞ መሬት ላይ መቆየት፣ በመድረክ ላይ ጥበብ ቢሆንም፣ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ለሌላኛው አጥቂ ጭንቅላትን ማመቻቸት ነው። ከመሬት ትግል ለራስ መከላከል የሚፈለገው ዋና ችሎታ፣ ከታች ሲሆኑ ራስን ሸፍኖ በፍጥነት መነሣት ነው።

የስፖርት ሕግም በተራው ልማድ ይቀርጻል። በማስ ኦያማ የተመሠረተው ኪዮኩሺን ካራቴ በሙሉ ኃይል መመታታትን ሲፈቅድ ፊትን በቡጢ መምታትን ስለሚከለክል፣ ተማሪዎቹ እጃቸውን ዝቅ አድርገው ፊታቸውን ሳይጠብቁ መቆምን ይለምዳሉ። በ2000 በሲድኒ መደበኛ የኦሊምፒክ ስፖርት የሆነው ቴኳንዶ ነጥብን በአብዛኛው ለእርግጫ ስለሚሰጥ እጅን ያዳክማል፤ ጁዶም ከ2010 ጀምሮ እግርን በእጅ ይዞ መጣልን ደረጃ በደረጃ ከውድድር አስወጥቷል። እንዲያም ሆኖ፣ ጠባብ ሕግ ያለው ነገር ግን እውነተኛ ትግል የሚደረግበት ልምምድ፣ ሁሉም ነገር የሚፈቀድበት ነገር ግን ማንም የማይታገልበትን ልምምድ ይበልጣል፤ የመጀመሪያው ጉድለቱ የታወቀ ስለሆነ ሊሟላ ይችላል፣ ሁለተኛው ግን ጉድለቱን እንኳ አያሳይም።

ወታደራዊ ስልቶች፣ ድንጋጤና ስለት

ድንጋጤ በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ለውጥ የስልት ምርጫን ይወስናል። አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ሲበዛ ልብ ይፈጥናል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ትልልቅ ጡንቻዎች ኃይል ሲያገኙ የጣቶች ቅልጥፍና ይቀንሳል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዊልያም ሂክ በ1952 እንዳሳየው ደግሞ፣ ሰው የሚመርጥባቸው አማራጮች በበዙ ቁጥር ለምላሽ የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል። ስለሆነም ለእያንዳንዱ የጥቃት ዓይነት የተለየ ባለብዙ እርምጃ መልስ የሚያስተምርና የእጅ አንጓን በጥቂት ጣቶች ይዞ መጠምዘዝን መሠረት ያደረገ ሥርዓት፣ ተማሪውን ለቀበቶ ፈተና እንጂ ለድንጋጤ አያዘጋጀውም።

ይህን ቀድሞ የተረዳው በ1907 የሻንጋይ ማዘጋጃ ቤት ፖሊስን የተቀላቀለው እንግሊዛዊው ዊልያም ፌርቤርን ነበር። ጁጁትሱን ከተማረና በከተማዋ የወንጀል ሠፈሮች ውስጥ ካገለገለ በኋላ፣ ስልቶችን ወደ ጥቂት ቀላል ምቶች አሳጥሮ በ1926 ዲፌንዱ በሚል ስም መጽሐፍ አወጣ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የብሪታንያን ኮማንዶዎች አሠለጠነ። በብራቲስላቫ ያደገው ኢሚ ሊችተንፌልድም በ1930ዎቹ የአይሁድ ሠፈርን ከፋሺስት ቡድኖች ሲከላከል፣ የተማረው የስፖርት ቦክስና ትግል ለጎዳና ጠብ እንደማይበቃ በማየቱ፣ ኋላ በእስራኤል መከላከያ ሠራዊት ውስጥ ያስተማረውን ክራቭ ማጋ የሰው ልጅ በተፈጥሮ በሚሰጠው የድንገተኛ ምላሽ ላይ መሠረተው። የሁለቱም ጥንካሬ ቀላልነት ነው። ዛሬ በክፍያ በሚሰጡ ኮርሶች ውስጥ ግን ሁለት ድክመት ይታያል፤ አንደኛው፣ ስልቶቹ ለጦር ሜዳ የታቀዱ በመሆናቸው ጠላትን መግደል ተልእኮው ለሆነ ወታደር የሚገባው ነገር ለሲቪል ሰው ወንጀል ሊሆን መቻሉ፤ ሁለተኛው፣ ባልደረባው የጨርቅ ሰው ሆኖ ቆሞ ሲመታ ብቻ የሚደረግ ልምምድ፣ ስሙ የቱንም ያህል ወታደራዊ ቢሆን፣ ወደ ካታ የሚመለስ መሆኑ ነው።

የእውነተኛነት ክፍተት ከሁሉ ይበልጥ የሚሰፋው በስለት ላይ ነው። በብዙ ማሠልጠኛዎች የጩቤ መከላከያ የሚሠራው አጥቂው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከርቀት፣ ክንዱን ዘርግቶ ከወጋ በኋላ እጁን በአየር ላይ ትቶ ሲጠብቅ ነው፤ ተከላካዩም አንጓውን ይዞ ጠምዝዞ ጩቤውን ያስጥላል። በጎዳና ላይ ስለት የያዘ ሰው ግን ስለቱን ደብቆ ይጠጋል፣ በአንድ እጁ ልብስ ወይም አንገት ይዞ በሌላው በአጭሩና በተደጋጋሚ ይወጋል፣ እጁንም ወዲያው ይመልሳል። የሶልት ሌክ ሲቲው ፖሊስ ዴኒስ ቱለር በ1983 እንዳስገነዘበው፣ ስለት የያዘ ሰው 21 ጫማ፣ ማለትም 6.4 ሜትር ያህል፣ በአንድ ሰከንድ ተኩል ውስጥ አቋርጦ ይደርሳል፤ ይህ ለሠለጠነ ፖሊስ ሽጉጥ ከአፎቱ አውጥቶ ለመተኮስ የሚበቃ ጊዜ ብቻ ነው። በጎማ ጩቤ ምትክ ቀለም የሚቀባ እስክሪብቶ ይዞ የሚታገል ባልደረባን ለአንድ ደቂቃ የገጠመ ተማሪ፣ በሸሚዙ ላይ የሚቆጥራቸው መስመሮች ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ነገሩን ያስረዱታል። በዚህ ረገድ ሐቀኛ አሠልጣኝ የሚያስተምረው ቅደም ተከተል፣ መሸሽ፣ ጠረጴዛ ወይም ወንበር በመካከል ማድረግ፣ ንብረትን አሳልፎ መስጠት፣ ሌላ ምንም አማራጭ በጠፋ ጊዜ ብቻ የመሣሪያውን ክንድ በሁለት እጅ ጠምዶ መያዝ ነው።

ቀላል የሚመስሉት ገዳዮች

ገዳይ የተባሉት ስልቶች ሲመረመሩ ብዙዎቹ ባዶ ሲሆኑ፣ ማንም የማይፈራቸው ነገሮች ደግሞ ሰው ሲገድሉ ይገኛሉ። በባዶ ቡጢ ጭንቅላትን መምታት በመጀመሪያ የሚጎዳው የመቺውን እጅ ነው፤ ከትንሿ ጣት በታች ያለው አጥንት ስብራት የቦክሰኛ ስብራት የሚል ስም ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ያው ቡጢ አገጭ ላይ ሲያርፍ ግን ተመቺው ራሱን ስቶ፣ እጁን ለመዘርጋት ሳይችል ወደ ኋላ ወድቆ፣ ጭንቅላቱ ከአስፋልት ጋር ይጋጫል። አውስትራሊያ ውስጥ በዚህ መንገድ የደረሱት ሞቶች ብዙ በመሆናቸው፣ ምዕራብ አውስትራሊያ በ2008፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ በ2014 በአንድ ቡጢ ለሚደርስ ሞት የተለየ የወንጀል ድንጋጌ አውጥተዋል። በሠፈር ጠብ የተለመዱት ቦክስ፣ ጠረባና ቴስታ በዚህ ዓይን ሲታዩ ከማንኛውም የምሥጢር ነጥብ ይልቅ አደገኞች ናቸው፤ ጠረባ የሚጥለው ሰው የሚያርፈው በፍራሽ ላይ አይደለምና።

ማነቅም እንዲሁ በሁለት ወገን የተሳለ ነው። በአንገት ግራና ቀኝ ያሉትን ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ታላላቅ ደም ስሮች የሚጫን ማነቂያ፣ በትክክል ከተያዘ ተቃዋሚን በ10 ሰከንድ ገደማ ራሱን እንዲስት ያደርገዋል፤ ሕመምን የሚችል ወይም የሰከረ ሰው እንኳ ይህን ሊቋቋም ስለማይችል በእውነተኛነት ከሁሉ ይልቃል። በጁዶና በጂዩጂትሱ ለአሥርት ዓመታት ያለ ብዙ ጉዳት የተሠራውም የታነቀው ሰው በእጁ መታ መታ አድርጎ ሲያሳውቅ ወዲያው ስለሚለቀቅና ዳኛ ስለሚቆጣጠር ነው። ይኸው መያዣ ከልምምድ አዳራሽ ሲወጣ መልኩ ይለወጣል፤ የሚታገል ሰው ሲንቀጠቀጥ እየተቃወመ የሚመስለው ያዥ ይበልጥ ያጠብቃል፣ ክንዱም ተንሸራቶ የአየር ቧንቧን ይጫናል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1983 በወሰነው የሎስ አንጀለስ ከተማና የላየንስ ጉዳይ፣ በልዩነት የሰፈረው የዳኛ ማርሻል ሐሳብ ከ1975 ወዲህ ቢያንስ 16 ሰዎች በከተማዋ ፖሊስ ማነቂያ ሳቢያ መሞታቸውን ይጠቅሳል። የኒው ዮርክ ፖሊስ በ1993 ማነቂያን ለባልደረቦቹ ቢከለክልም፣ በ2014 ኤሪክ ጋርነር የተባለ ሰው በዚሁ ዓይነት አያያዝ ሞቷል።

ሦስተኛው የአደጋ ገጽ፣ ማለትም በልምምድ ላይ የሚደርሰው፣ ደህና ተብሎ የተመረጠውን ጁዶን እንኳ አላለፈም። የናጎያ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሪዮ ኡቺዳ እንዳጠናቀረው፣ ከ1983 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት በጃፓን ትምህርት ቤቶች በጁዶ ሳቢያ ከ100 በላይ ተማሪዎች ሞተዋል፤ ዋናው ምክንያት የጭንቅላት ጉዳት ሲሆን፣ ተጋላጮቹም አወዳደቅን ገና ያልተማሩ ጀማሪዎች ነበሩ። በ1980 በጃፓን በተደረገ ውድድር ላይ ጁዶኛው ያሱሂሮ ያማሺታ የእግር አጥንቱ የተሰበረበት ካኒ ባሳሚ የተባለው፣ የተጋጣሚን እግር በሁለት እግር እንደ መቀስ ይዞ የመጣል ስልትም ከዚያ ወዲያ ከውድድር ታግዷል። እነዚህ ሁኔታዎች በእውነተኛ ትግል የሚለማመድ ሥርዓት የራሱ ዋጋ እንዳለው ያሳያሉ፤ መድኃኒቱ ትግሉን መተው ሳይሆን አወዳደቅን አስቀድሞ ማስተማር፣ ጀማሪን ከከባድ መጣያ መጠበቅና የጭንቅላት ምት ያገኘውን ተማሪ ወዲያው ከልምምድ ማውጣት ነው።

ሕግ የሚያስቀምጠው ወሰን

የስልት አደገኛነት በመጨረሻ የሚመዘነው በፍርድ ቤት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ከቅጣት ነፃ የሚያደርገው፣ ጥቃቱ ሕገ ወጥና የተቃረበ ወይም በመፈጸም ላይ ያለ ሲሆን፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል ሲሆንና መከላከሉም ከአደጋው ክብደትና ሊጠበቅ ከሚገባው መብት ጋር የተመጣጠነ ሲሆን ነው። አንቀጽ 79 ደግሞ ይህን ወሰን ያለፈ ሰው ቅጣቱ እንደሚቀነስለት፣ መጠን ያለፈውም በድንጋጤ ወይም በፍርሃት ምክንያት እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ያለ ቅጣት ሊያልፈው እንደሚችል ይደነግጋል። ከዚህ አንጻር የወደቀን ሰው ጉሮሮ መርገጥን ወይም ዓይኑን መውጋትን የጥቃት ምላሹ የመጨረሻ እርምጃ አድርጎ የሚያስለምድ ሥልጠና፣ ተማሪውን ከሕጋዊ ተከላካይነት ወደ ተከሳሽነት የሚወስድ ልማድ እያስያዘው ነው። አጥቂው ከወደቀ ወይም ከሸሸ በኋላ የሚሰነዘር ምት መከላከል ተብሎ አይታለፍም። ተመጣጣኝ ኃይል ለመጠቀም ደግሞ ኃይልን መመጠን መቻል ይጠይቃል፤ ይህም በልምምድ ጊዜ ሊለኩና ሊላሉ በሚችሉ ስልቶች ብቻ የሚገኝ ችሎታ ነው።

ከምቱ በፊት ያለው

የራስ መከላከል ሥልጠና በእርግጥ ይጠቅማል ወይ ለሚለው ጥያቄ ጠንካራ ሳይንሳዊ መልስ የመጣው ከካናዳ ነው። ሻርሊን ሰንና ባልደረቦቿ በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች በ893 አዲስ ገቢ ሴት ተማሪዎች ላይ ያካሄዱትና በ2015 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት፣ የ12 ሰዓት ሥልጠና ከወሰዱት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ የመደፈር ዕድል 5.2 በመቶ፣ ካልወሰዱት መካከል ግን 9.8 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። የዚህ ሥልጠና ይዘት ከውጤቱ ባልተናነሰ ያስተምራል፤ አካላዊ ስልት ከክፍሎቹ አንዱ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው በሚያውቁት ሰው የሚመጣ አደጋን በጊዜ መለየትን፣ ይሉኝታን አሸንፎ እምቢ ማለትን፣ መጮህንና መውጣትን የሚመለከት ነው። በእንግሊዝ ኮቨንትሪ ከተማ የምሽት ክበብ ዘብ የነበረው ጄፍ ቶምሰን ያስፋፋው አቋቋም፣ ማለትም ከሚጋጭ ሰው ጋር እየተነጋገሩ ክፍት መዳፎችን ከፊት አድርጎ ርቀትን መጠበቅም፣ የዚሁ ሐሳብ አካል ነው። አጥቂ ተጠቂውን የሚጥለው በአብዛኛው በተሻለ ስልት ሳይሆን በቀዳሚነት ስለሆነ፣ ቀዳሚነቱን የሚነጥቅ ማንኛውም ነገር ከመጠምዘዝ ሁሉ ይልቃል።

በኢትዮጵያ ሁለቱም የቴኳንዶ ቅርንጫፎች፣ ወርልድ ቴኳንዶና አይ.ቲ.ኤፍ.፣ ካራቴና ውሹም በርካታ ተማሪዎች ያሏቸው ሲሆን፣ አገሪቱ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በሰለሞን ቱፋ አማካይነት በቴኳንዶ ተወክላለች። እነዚህ ጥበቦች ለወጣቱ የሚሰጡት ጤና፣ ሥርዓትና በራስ መተማመን አያጠራጥርም። ችግር የሚመጣው የትርኢት ዝላይ፣ የጡብ ሰበራና የቀበቶ ቀለም የራስ መከላከል ብቃት ማረጋገጫ ተደርገው ለወላጅና ለተማሪ ሲቀርቡ ነው። ጡብ አይታገልም፤ ቀበቶም ተማሪው ከማን ጋር ተለማምዶ እንዳገኘው አይናገርም።

ማስረጃው ተጠቃሎ ሲታይ የሚያስደርሰው ፍርድ ግልጽ ነው። በማይተባበር ሰው ላይ በሙሉ ኃይል ያልተፈተነ ስልት፣ የቱንም ያህል ገዳይ ቢባል፣ ተከላካዩ ሕይወቱን ሊያስይዝበት አይገባም፤ ሊፈተን የሚችለው ስልት ደግሞ በቁጥር ጥቂት፣ በቅርጹ ቀላል፣ በኃይሉም የሚመጠን ነው። ስለዚህ ልጁን ወይም ራሱን ለራስ መከላከል ሥልጠና የሚያስመዘግብ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት አሠልጣኙን አራት ነገር ሊጠይቅ ይገባል፦ ተማሪዎቹ ከሚታገላቸው ባልደረባ ጋር በሳምንት ስንት ጊዜ ይለማመዳሉ፣ ለጀማሪ አወዳደቅን ከምንም በፊት ያስተምራሉ ወይ፣ ስለት ለያዘ ሰው የሚሰጡት የመጀመሪያ ምክር መሸሽ ነው ወይ፣ ሕጉ የፈቀደውን ወሰንስ ያስረዳሉ ወይ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ማሠልጠኛ ስፖርት ሊያስተምር ይችላል፤ ራስን መከላከል አስተምራለሁ ማለት ግን አይገባውም።